ከዶፈን እስከ ሸደር፦ የማያባራው መንቀጥቀጥ ለአርብቶ አደሩና ለአርሶ አደሩ ምን ያመጣል?

በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ዘልቋል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይም የፌዴራል መንግሥት ለአደጋው የተጋለጡ 80 ሺህ ገደማ ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር መጀመሩን አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንቀጥቀጡ ጋብ ብሏል። ይሁንና ከዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዚያው በአፋር ክልል ሰሜናዊ ክፍል በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። በአፍዴራ አካባቢም ግጦሹን አመድ አልብሶታል።

በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ወረዳዎች ስም እምብዛም አይነሳም። ሲቲ ዞን የሚገኘው ግን የስምጥ ሸለቆው ግርጌ ላይ ነው። ከአፍደም እስከ ዶፈን ተራራ ያለው ቀጥታ ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፋፈን ዞን ደግሞ ከተራራው ሰንሰለት በላይ፣ ከፍ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጧል። በአውበሬ ወረዳ ሸደር ላይ ማሽላና በቆሎ የሚዘራው ከፊል አርብቶ አደር፣ በኤረር የምንጭ ውሃ ፍራፍሬ የሚያለማው አርሶ አደርና በአፍደም ሜዳ ግመል የሚያሰማራው አርብቶ አደር አንድ ዓይነት ስጋት የለባቸውም። «ወደ እኛስ ይመጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ለሦስቱም አንድ መልስ መስጠት ወይ ያለ ምክንያት ማስፈራት፣ ወይ ያለ ምክንያት ማዘናጋት ይሆናል።

አውራ የሌለው መንጋ

ሰው የለመደው የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ትልቅ ንቅናቄ አለው። እሱን ተከትለው ትንንሾች ይመጣሉ፤ ቀን በቀን እየቀነሱም ይጠፋሉ። በአዋሽ የታየው ከዚህ የተለየ ነው። መጠናቸው የተቀራረበ በርካታ መንቀጥቀጦች በአንድ አካባቢ ይከታተላሉ፤ አንዴ ይበረታሉ፣ አንዴ ይደክማሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። የትኛው ዋና፣ የትኛው ተከታይ እንደሆነ አይለይም። አውራ የሌለው መንጋ ቢባል ያስኬዳል።

መንጋው የሚነሳበት ምክንያት አለው። በአዋሽ ጉዳይ ላይ ከሳተላይት የተገኙ የመሬት ገጽታ መለኪያዎችና የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ያሳዩት፣ ከመሬት በታች ያለ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ አለቱን ወደ ጎን እየሰነጠቀ መጓዙን ነው። ነገሩን መስኖ የሚያጠጣ አርሶ አደር በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃ ወደ ደረቅ ቦይ ሲለቀቅ ሁከቱ ያለው በውሃው ራስ ላይ ነው፤ ደረቁን አፈር የሚንደው፣ ጉድፉን የሚገፋው ራሱ ነው፤ ከኋላ ያለው ውሃ ጸጥ ብሎ ይከተላል። ቅልጥ አለቱም እንዲሁ ነው። መሬት በብዛት የሚንቀጠቀጠው የስንጥቁ ራስ በደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋናው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተንቀጠቀጠ?» ሳይሆን «ራሱ የት ደርሷል? ወዴትስ እያመራ ነው?» የሚለው ነው።

የአዋሹ መንጋ መጀመሪያ የተነሳው በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ነው። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሬክተር ስኬል 4.9 የተለካው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የነበሩ ሰዎችን አስደንግጦ ወደ ውጭ አስወጥቷል። ከዚያ ኅዳር ላይ ነገሩ ቀዘቀዘ። ብዙ ሰው ያለቀ መስሎት ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግን ይበልጥ በርትቶ ተመለሰ፤ ቦታውም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን ተሸጋግሮ ነበር። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን አካባቢ ከመሬት እንፋሎትና አቧራ በኃይል መውጣት ጀመረ። በማግስቱ ሌሊት 5.7 ገደማ የተለካ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የካቲት 7 ቀን ሌሊት ደግሞ 6 ገደማ የተለካው፣ ከሁሉም የበረታው ተከተለ። የከሰም ስኳር ፋብሪካ ጉዳት ደርሶበት ሠራተኞቹ ከአካባቢው ወጡ። 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው የከሰም ግድብም የመላ አገሪቱ ስጋት ሆኖ ሰነበተ። በመጨረሻ ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ሳይወጣ ከመሬት በታች ቀረ።

ከዚህ ቅደም ተከተል ለወረዳ አመራሮች ትልቁ ትምህርት የኅዳሩ ጸጥታ ነው። ተፈናቃይን ወደ ቀዬው ለመመለስ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት ለመክፈት፣ የተቋረጠ የውሃ ቦቴ አቅርቦትን «አሁን አያስፈልግም» ለማለት ሁለት ሳምንት ጸጥታ በቂ ማስረጃ አይደለም። የመመለሻውን ጊዜ መወሰን ያለበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት በሚያወጡት መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንጂ ሰው ስለሰለቸው ወይም በጀቱ ስላለቀ መሆን የለበትም።

የሺህ ትንሽ ድምር

በየገበያውና በየጫት ቤቱ የሚሰማ አንድ ማጽናኛ አለ፤ «ትንንሹ በዛ ማለት ትልቁ ተነፈሰ ማለት ነው» ይባላል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም።

በመለኪያው አንድ ቁጥር ከፍ ማለት የሚወጣው ጉልበት 32 ጊዜ ገደማ መጨመሩን ያመለክታል። ሁለት ቁጥር ከፍ ሲል 1 ሺህ ጊዜ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ 6 የተለካ መንቀጥቀጥ የሚያወጣውን ጉልበት በትንንሽ ለማውጣት 4 የተለኩ 1 ሺህ መንቀጥቀጦች፣ 3 የተለኩ ከሆኑ ደግሞ 32 ሺህ ያስፈልጋሉ። ጎተራን በጣሳ ባዶ ለማድረግ እንደመሞከር ነው። ትንንሾቹ ትልቁን አያስቀሩትም።

ተቃራኒው ፍርሃትም እንዲሁ መሠረት የለውም። መንጋ በተነሳ ቁጥር ትልቅ መንቀጥቀጥ ወይም እሳተ ገሞራ ይከተላል ማለት አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፍቷል፤ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሷል። ሆኖም ያ ሁሉ ቅልጥ አለት ወደ ላይ የወጣው በጥቂቱ ብቻ ነው። በተከታዮቹ ዓመታትም በዚያው ሥፍራ ቅልጥ አለቱ በተደጋጋሚ ተንቀሳቅሶ ጥቂቱ ብቻ ገሞራ ሆኖ ፈሷል። በሌላ በኩል በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ጀምሮ በካራ ቆሬ አካባቢ ለወራት በቀጠለው መንቀጥቀጥ መካከል ከ6 በላይ የተለካ ንቅናቄ መጥቶ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ ወድማ ሰዎች ሞተዋል።

ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ የሚያውቅ መሣሪያ ወይም ባለሙያ በዓለም ላይ የለም። በማኅበራዊ ሚዲያ «ነገ ሌሊት በዚህ ሰዓት» እያለ የሚያስተላልፍ ሰው የሚናገረው ሐሰት ነው፤ የቀበሌ አመራር ይህን ያለማቅማማት ለሕዝቡ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሸደር የት ላይ ናት?

የምድር ሳይንስ ባለሙያዎች ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ያለውን ግዙፍ የመሬት ቅርፊት የሶማሌ ፕሌት ብለው ይጠሩታል። ሐረር፣ ጅግጅጋና ሸደር በዚህ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከስምጡ ማዶ በኑብያ ፕሌት በኩል ትገኛለች። ሁለቱ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቁ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ሲታይ ከክንድ ያነሰ ነው፤ በሚሊዮን ዓመታት ሲደመር ግን ስምጥ ሸለቆውን የፈጠረው ይኸው ነው።

እንግዲህ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የታየው ስንጥቅ የተጓዘው ስምጡን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የጨርጨርን ተራሮች ወጥቶ፣ ካራማራን ተሻግሮ ጅግጅጋ አይገባም። የመሬቱ አሠራር ለዚያ አይመችም። ከዶፈን እስከ ጅግጅጋ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በዚህ ርቀት ላይ 6 የተለካ መንቀጥቀጥ ፎቅ ላይ ያለን ሰው ሊያነቃ፣ የተሰቀለ አምፖል ሊያወዛውዝ ይችላል፤ በደንብ የተሠራ ቤት ግን አያፈርስም።

የሸደር ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ አቅጣጫ አለ። እሱም ሰሜን ነው። ከሸደር እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያለው ቀጥታ ርቀት እስከ ዶፈን ካለው ያንሳል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል እንደ ስምጥ ሸለቆው ሁሉ የሚከፈት መሬት ነው፤ አከፋፈቱም ከስምጡ የፈጠነ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 1971 ዓ.ም. በጅቡቲ አሳል ሐይቅ አጠገብ መሬት ለቀናት ተንቀጥቅጦ 2 ሜትር ያህል ተከፍቶ አርዱኮባ የተባለው ገሞራ ፈንድቷል። በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይም በምዕራባዊው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ብርቱ የመንቀጥቀጥ መንጋ ተመዝግቧል። የአውበሬ ወረዳ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲመክር ወደ አዋሽ ብቻ መመልከቱ ግማሽ ጥንቃቄ ነው።

የሲቲ ዞን ጉዳይ ግን ከሁለቱም ይለያል። ኤረር ላይ ሰው የሚታጠብበት ፍል ውሃ የሚወጣው ከታች ያለው ሙቀት ሩቅ ባለመሆኑ ነው። በዞኑ ሜዳዎች የሚታዩ ጥቋቁር ድንጋዮችም ከቀድሞ ዘመን ገሞራ የተገኙ ናቸው። ለአፍደምና ለኤረር ወረዳዎች የመሬት መንቀጥቀጥ ከጎረቤት የሚሰማ ወሬ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውም ጉዳይ ነው።

ብርካው ይፈተሽ

ድርቅ በለመደው አካባቢ መንቀጥቀጥ ከቤት ይልቅ በውሃ በኩል ሊጎዳ ይችላል። በእንጨትና በምንጣፍ የሚሠራው የሶማሌ አቃል ቢወዛወዝም ሰው አይገድልም፤ በዚህ ረገድ ከብዙ የብሎኬት ቤት ይሻላል። ብርካ ግን እንደ አቃል አይታጠፍም። በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ ሙሉ ሲሆን ከባድ ጭነት የተሸከመ ግድግዳ ነው። መሬት ሲወዛወዝ ውስጡ ያለው ውሃም ግድግዳውን ይመታል። ጥግ ጥጉ ላይና የወለሉ መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ቢፈጠር ማንም ላያየው ይችላል።

ስንጥቁ ምን ያህል ይጎዳል? 10 ሜትር በ10 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ብርካ ሲሞላ 300 ሺህ ሊትር ይይዛል። ከዚህ ብርካ በስንጥቅ ምክንያት ውሃው በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል የሚጠፋው 1 ሺህ ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ማለት ነው። በአንድ ወር 1 ሺህ 500 ጀሪካን መሬት ይጠጣዋል። ጅላል እየገፋ ሲሄድ በዚህ ልክ የሚጠፋ ውሃ መንደሩን ከተለመደው ጊዜ ቀደም ብሎ ወደ ቦቴ ልመና ይወስደዋል።

ጀማው ወይም የብርካው ባለቤት ያለ መሐንዲስ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፍተሻ አለ። ጎኑ ቀጥ ያለ ሳፋ ወይም ባልዲ ውሃ ተሞልቶ፣ እንስሳ እንዳይደርስበት ተደርጎ ከብርካው ውሃ አጠገብ ይቀመጣል። የሳፋውም የብርካውም የውሃ ልክ በምስማር ወይም በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ከብርካው ሳይቀዳ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለቱ ይለካሉ። ሳፋው የሚያጎድለው ፀሐይና ነፋስ የወሰዱትን ያህል ነው። ብርካው ከዚያ በግልጽ የበለጠ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ብርካው በቆርቆሮ ወይም በእሾህ የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ከሳፋው ያነሰ መጉደል ይገባዋል፤ እኩል ከጎደሉ ያኔም መጠርጠር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በሰሜኑ ወረዳዎች የተሰነጠቀ ብርካ ሁሉ በመንቀጥቀጥ የተሰነጠቀ አይደለም። የጅግጅጋ ሜዳ ጥቁር ሸክላ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳ ለመግፋት የራሱ ጉልበት አለው። የዛፍ ሥር አለ፤ ባዶውን ለወራት በፀሐይ የከረመ ልስን አለ። ከሁሉም በላይ በሲሚንቶ የተቆጠበበት፣ አሸዋው ያልታጠበ፣ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ግንባታ አለ። ተቋራጭ የጎደለውን ሥራ «መሬት ተንቀጥቅጦ ነው» ብሎ ማላከክ የሚችለው ከርክክብ በፊት የተመዘገበ የፍተሻ ሰነድ ከሌለ ብቻ ነው። ወረዳዎች ሥራ ሲረከቡ ብርካውን ሞልተው፣ ለክተው፣ ፎቶ አንስተው ቢያስቀምጡ በኋላ ክርክሩ አጭር ይሆናል።

ከብርካ ሌላ ጥልቅ ጉድጓዶችና ምንጮች አሉ። ከመንቀጥቀጥ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ለጊዜው መደፍረስ፣ የውሃው ልክ መውረድ ወይም መውጣት፣ የምንጭ መቀነስ ወይም መሞቅ በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። ለኤረር የፍራፍሬ አልሚዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማንጎና ሎሚ ለዓመታት ተለፍቶባቸው የሚደርሱ ናቸው፤ ምንጩ በአንድ ወቅት ቢቀንስ ጉዳቱ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ አይሆንም። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በየሳምንቱ መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም። ለውጡ የሚታወቀው የቀድሞው ልክ ተጽፎ ከተገኘ ነው።

እህሉን በመሬት ውስጥ ባካር የሚያስቀምጥ አርሶ አደርም ንቅናቄ ከተሰማ በኋላ አፉንና ግድግዳውን ቢያይ ጥሩ ነው። በስንጥቅ የሚገባ እርጥበት ማሽላውን ያሻግታል።

መንጋው ወዴት ይሂድ?

በአዋሽ ፈንታሌ የታየው ትልቁ ችግር ሰውን የማንሳት ብቻ አልነበረም። አርብቶ አደር ከብቱን ትቶ አይሄድም፤ ቢሄድም ይመለሳል። ለሰው የሚሆን ድንኳን በመኪና ይመጣል። ለሺህ ከብት የሚሆን ሣርና ውሃ ግን በመኪና አይመጣም፤ ቢመጣም አይበረክትም። የመልቀቂያ ዕቅድ የእንስሳቱን ማረፊያ ካላካተተ ዕቅድ አይባልም።

ለሲቲ ዞን ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በአፋር በኩል ብዙ ሕዝብና መንጋ በድንገት ቢንቀሳቀስ የግጦሽና የውሃ ጫናው ድንበር ለይቶ አይቆምም። በሁለቱ ክልሎች አጎራባች ወረዳዎች መካከል ግጦሽና የውሃ ነጥብ ስሱ ጉዳይ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አደጋው ከደረሰ በኋላ በጥድፊያ የሚደረግ ንግግር ግጭትን ለማስቆም ሊጠቅም ይችላል፤ ግጦሽ ለመከፋፈል ግን ዘግይቷል። የአገር ሽማግሌዎችና ኡጋሶች፣ የሁለቱም ወገን የወረዳ አስተዳዳሪዎችና የአርብቶ አደር ጽሕፈት ቤቶች መሬቱ ጸጥ ባለበት በዚህ ጊዜ ተቀምጠው «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ የእነማን መንጋ የትኛው ኤላ ላይ ይጠጣል፣ ለስንት ቀን፣ የሚያስከፍል ከሆነስ ማን ይከፍላል?» የሚለውን ቢነጋገሩ ትርፉ ብዙ ነው። ለድርቅ ጊዜ የሚሠራበት የእርስ በርስ ልማድ አለ፤ ለመንቀጥቀጥም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

መንጋው በቀዬው ከቆየ ደግሞ እረኛው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ንቅናቄ በሚደጋገምበት ሰሞን እንስሳትን በገደል ሥርና ድንጋይ በሚንከባለልበት ቁልቁለት ማሳደር አይገባም። አዲስ የተከፈተ የመሬት ስንጥቅ ጠርዙ ጠንካራ ቢመስልም ዝናብ ሲመጣ ይናዳል፤ ከብት ከሩቁ እንዲያልፍ ማድረግና ቦታውን በእሾህ ማጠር ያስፈልጋል። ጭስ ወይም እንፋሎት በሚወጣበት አካባቢ ከአየር የሚከብድ ጋዝ በጉድባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ መጀመሪያ የሚወድቁት ወደ መሬት የቀረቡት ግልገሎችና ጥጆች ናቸው። የሞተ ወፍ ወይም እንስሳ የታየበት ጉድባ ውስጥ ሰውም ሊያወጣቸው መግባት የለበትም። እንደ ሃይሊ ጉቢ ያለ የአመድ ዝናብ ከመጣ አመድ ያለበት ሣር የእንስሳትን ጥርስና ሆድ ስለሚጎዳ መኖውን አራግፎ መስጠት፣ የውሃ ገንዳውንና ብርካውን ቶሎ መሸፈን ግድ ነው።

ሌላው መንገድ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ማዳበሪያና የእርዳታ እህል ወደ መሐል አገር የሚገባበት የባቡርና የመኪና መስመር በአዋሽ በኩል ያልፋል። የተሻሻለ ዘር ከመሐል አገር ወደ ጅግጅጋ የሚመጣውም በዚያው ነው። በ2017 መንቀጥቀጥ ወቅት በአዋሽ አካባቢ አስፋልት ተሰንጥቆ ታይቷል። መስመሩ ለሳምንታት ቢዘጋ የጅግጅጋ ገበያ ከውጫሌ በኩል የሚያገኘው ዱቄት፣ ሩዝና ዘይት ይቀጥላል፤ ዘር ግን ከዚያ አይገኝም። ዘሩን ከዝናቡ ቀድሞ ወደ ወረዳ መጋዘን ማስገባት ለሌላም ምክንያት የሚመከር ነው፤ ይህ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ስለ ከተማ ግንባታ በዚህ ገጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በጅግጅጋ የሚነሱት ፎቆች በአገሪቱ የሕንፃ ኮድ መሠረት ለመንቀጥቀጥ ታስበው መሠራታቸውን ማረጋገጥ የከተማው ሥራ ነው። የቀበሌ እህል መጋዘን፣ የእንስሳት ጤና ኬላና የገጠር ትምህርት ቤት ግን በወረዳ የሚገነቡ በመሆናቸው የወረዳው ኃላፊነት ናቸው። ሸደር ላይ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ በጋራ የሚገለገሉባቸው የውሃ ማከፋፈያዎችና ክፍሎችም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው።

መዝገብ

ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያን መሥርተው በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጻፈው ሰው ከጻፈው ነው፤ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኛ ማስታወሻና ከመንግሥት ደብዳቤ። ጸሐፊ ባልነበረበት ቆላ መሬት ቢንቀጠቀጥም መዝገብ ላይ አይገኝም። በሲቲና በፋፈን ዞኖች ሽማግሌዎች ስለ ቀድሞ ንቅናቄዎች የሚያስታውሱት ካለ የሚጻፈው እነሱ በሕይወት ሳሉ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ንቅናቄ በተሰማ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ዕቃ ወድቆ እንደሆነ፣ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ተለውጦ እንደሆነ ቢጽፍና በየወሩ ለወረዳው፣ ወረዳው ደግሞ ለክልሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ቢሮ ቢያስተላልፍ፣ ጥቂት መሣሪያ ባለበት አካባቢ ለአዲስ አበባው ኢንስቲትዩትም የሚጠቅም መረጃ ይሆናል። ያልተሰማበትን ወርም «አልተሰማም» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ባዶ ገጽ ሠራተኛው ረስቶት ይሁን መሬቱ ጸጥ ብሎ አይታወቅም።

ብርካዎችን ለመፈተሽ ግን ከጅላል የተሻለ ጊዜ የለም። ውሃው ስለወረደ የግድግዳው ታችኛው ክፍልና የወለሉ መጋጠሚያ ይታያል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ገብቶ መጥረግና በጣት እየዳሰሱ ስንጥቅ መፈለግ ይቻላል። የተገኘው ስንጥቅ በመሮ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ በሲሚንቶ ከተለሰነ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ እየጠጣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። ሲሚንቶውን መግዣ፣ ግንበኛውን ማግኛና ማድረቂያው ሲደመር ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የጉ ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ስለሚጠበቅ ሥራው ከየካቲት ማለፍ የለበትም።